በሕፃን ራስ ውስጥ ስለሚጠራቀም ውሃ



በአዲስ አበባ መካከል የሚገኘው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው በዚያው ካለው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዱስ ቂርቆስ በሦስት ዓመት ዕድሜው ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ለሰማዕትነት የበቃ ሕፃን መሆኑን ጥር 15 ቀን የምናከብረው በዓል ያስታውሰናል። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ እናትና ልጅ በሚፈላው ውሃ ፊት በቆሙ ጊዜ ቅዱስ ገብርኤል የታደጋቸውን እናስባለን። በዚህ ታሪክ እናት ስለ ልጅዋ ስትፈራ፥ ሕፃኑ ግን የእናቱን ልብ ሲያጸና እንሰማለን።

በሕፃን ስም በሚጠራው በዚህ ክፍለ ከተማ፥ ከካዛንቺስ ወደ ፍልውሃ በሚወስደው አቅጣጫ፥ ዛሬም ብዙ እናቶች ልጃቸውን አቅፈው የሚቆሙበት አንድ ደጅ አለ፤ ይኸውም የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ደጅ ነው። ወደዚያ ከሚመጡት ሕፃናት መካከል ራሳቸው ከአካላቸው ልክ በላይ ያደገባቸው ይገኛሉ። ሐኪሞች ሕመሙን ሀይድሮሴፋለስ ይሉታል፤ በአገራችን አነጋገር በጭንቅላት ውስጥ ውሃ መቋጠር ማለት ነው። ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ የሚመጡት ዘግይተው ነው። የሚዘገዩትም ወላጅ ልጁን ሳይወድ ቀርቶ ሳይሆን፥ ስለ ሕመሙ የሚነግረው ሰው ስለሚያጣ፥ ወይም እፍረትና ፍርሃት ደጁን ዘግቶ ስለሚያስቀምጠው ነው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለየቤተሰቡ ሊያስረዳ የሚፈልገው ነገር አንድ ነው። ሕመሙ እርግማን አይደለም፤ መንገዱ የተዘጋበት ውሃ ነው። የተዘጋውን መንገድ ለመክፈት የሚችሉ እጆች በአገራችን አሉ። ነገር ግን ቀን በገፋ ቁጥር አንጎል ይጎዳልና፥ አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንዳሉት በጊዜው መድረስ ያስፈልጋል።

ውሃው ምንድር ነው?

እግዚአብሔር የሰውን አንጎል በአጥንት ሣጥን ውስጥ ሲያኖረው በደረቅ አላስቀመጠውም። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፈሳሽ በዙሪያው ከብቦት ይኖራል፤ በውስጡም ይመላለሳል። ይህ ፈሳሽ አንጎል ከአጥንት ጋር እንዳይጋጭ ይጠብቀዋል፤ ክብደቱን ያቀልለታል፤ ቆሻሻውንም እያጠበ ይወስዳል።

በአንጎል ውስጥ አራት ጓዳዎች አሉ። ፈሳሹ በእነዚህ ጓዳዎች ውስጥ ከደም ተጣርቶ ይመነጫል፤ ከጓዳ ወደ ጓዳ በጠባብ መተላለፊያ ያልፋል፤ ከዚያም ወደ አንጎል ዙሪያና ወደ አከርካሪ ወርዶ በመጨረሻ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። በአዋቂ ሰው አካል በአንድ ጊዜ የሚገኘው መጠን 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ይህም ሁለት የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው። በአንድ ቀንና ሌሊት የሚመነጨው ግን ግማሽ ሊትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ፈሳሹ በየቀኑ ሦስት አራት ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፥ ከሆስፒታሉ ብዙ ሳይርቅ ያለውን የፍልውሃን ምንጭ እንመልከት። ምንጩ ሌትና ቀን ይፈልቃል፤ ሰው ቢፈልግም ባይፈልግም አያቋርጥም። መውጫው ክፍት እስከ ሆነ ድረስ በረከት ነው፤ መውጫው ቢዘጋ ግን ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ቤቱን ይሞላል። በሕፃኑ ራስ ውስጥ የሚሆነውም እንዲሁ ነው። ምንጩ አያቋርጥምና መተላለፊያው ሲዘጋ ጓዳዎቹ እየሰፉ ይሄዳሉ፤ በዙሪያቸው ያለውም አንጎል በአጥንቱ ላይ እየተጫነ ይሳሳል። የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ ግፊቱ ይገፋቸዋል፤ ራስም ያለ ልክ ያድጋል። ከውጭ የምናየው የራስ ማደግ ነው፤ የሚያስፈራው ግን በውስጥ የሚደርሰው የአንጎል መጨቆን ነው።

መንገዱ የሚዘጋው በምን ምክንያት ነው?

ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ ሕፃን መተላለፊያው ጠቦ ይወለዳል። አንዳንዱ ያለ ጊዜው ተወልዶ በአንጎሉ ውስጥ ደም ይፈስስበታል፤ ደሙም መንገዱን ይደፍነዋል። አንዳንዱን ደግሞ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚይዘው ማጅራት ገትር ወይም ሌላ ከባድ ልክፈት በአንጎል ጓዳዎች ውስጥ ጠባሳ ይተውበታል። በጎረቤታችን በኡጋንዳ የተደረገ ምርመራ ለሕክምና ከመጡት ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመሙ የጀመራቸው ከእንዲህ ያለ ልክፈት በኋላ መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ የተነሣ እትብት በንጹሕ ምላጭ መቆረጡ፥ በላዩም እበት ወይም ቅቤ አለመደረጉ፥ ትኩሳት የያዘው አራስ ሕፃን በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መወሰዱ ትልቅ ነገር መሆኑን እንረዳለን።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ብርቱ ምክንያት አለ። እርሱም የሕፃኑ አከርካሪ ሳይገጥም መወለዱ ነው። ፅንስ በማኅፀን ሳለ የነርቭ ዘንጉ እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ መዘጋት ይገባዋል፤ ሳይዘጋ ሲቀር ሕፃኑ በጀርባው ላይ ክፍተት ወይም ውሃ የያዘ እብጠት ይዞ ይወለዳል። እንዲህ ሆነው ከሚወለዱት ብዙዎቹ በራሳቸው ውስጥም ውሃ ይጠራቀምባቸዋል። በአዲስ አበባ በ3 የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፥ ከ10,000 ወሊዶች ውስጥ ይህ ዓይነት ጉድለት የተገኘባቸው ከ100 በላይ መሆናቸውን ገልጿል። በመላው ዓለም በአማካይ የሚገመተው ግን ከ10,000 ወደ 20 ገደማ ነው። ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚላኩት ችግር ያለባቸው ወሊዶች መሆናቸው ቁጥሩን ከፍ እንደሚያደርገው የታወቀ ቢሆንም፥ ልዩነቱ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

ምልክቶቹና የመለኪያው ገመድ

በእኛ ልማድ አራስ እናት ወንድ ልጅ ከወለደች እስከ 40፥ ሴት ልጅ ከወለደች እስከ 80 ቀን በቤትዋ ትሰነብታለች። ሕፃኑም ከብርድና ከሰው ዓይን ተሸፍኖ ይቆያል። ልማዱ ለእናትም ለልጅም ዕረፍትን የሚሰጥ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእነዚሁ ቀናት ውስጥ ስለ ሆነ፥ በመሸፈኛው ሥር ያለውን ራስ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ክርስትና ለማስነሣት ወደ ቤተ ክርስቲያን እስኪመጣ ድረስ የሕፃኑ ራስ ማደግ ያልታወቀበት ጊዜ አለ።

እናትና አያት ሊያዩአቸው የሚገቡ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤

የሕፃኑ ራስ ከሰውነቱ ይልቅ በፍጥነት ሲያድግ፤ እርግብግቢቱ ሕፃኑ ሳያለቅስና ቀጥ ብሎ ተይዞ ሳለ ወደ ውጭ ተነፍቶ ሲገኝ፤ የራስ ቆዳው ሳስቶ ደም ሥሮቹ ጎልተው ሲታዩ፤ ዓይኖቹ እንደምትጠልቅ ፀሐይ ወደ ታች ወርደው ነጩ ከላይ ሲታይ፤ መጥባት ሲያቅተው፥ ደጋግሞ ሲያስመልሰው፥ ያለ ምክንያት ሲነጫነጭ ወይም እንቅልፍ ሲያበዛ፤ ሲያንቀጠቅጠው፤ አንገቱን በሚያቀናበት ወራት ሳያቀና ሲቀር።

እርግብግቢትን በቅቤ መቀባት የቆየ ልማዳችን ነው። ቅቤው ሲበዛ እብጠቱን ሸፍኖ እንዳያሳስት ማስተዋል ይገባል፤ የተነፋውንም እርግብግቢት በእጅ ተጭኖ ለመመለስ መሞከር አደጋ ነው።

ከዓይን ይልቅ የሚታመነው መለኪያ ነው። ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበት ዓይነት ገመድ ይበቃል። ገመዱ ከፊት ከቅንድብ በላይ፥ ከኋላ ደግሞ ራስ ወደ ኋላ በወጣበት ትልቁ ቦታ ላይ ይዞራል፤ ሦስት ጊዜ ተለክቶ ትልቁ ቁጥር ከቀኑ ጋር ይጻፋል። በወራቱ የተወለደ ሕፃን ራስ ብዙ ጊዜ ከ34 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየወሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ በሚቀጥሉት 3 ወራት በየወሩ 1 ሴንቲ ሜትር፥ ከዚያ እስከ ዓመቱ ደግሞ በየወሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያድጋል። ከዚህ አካሄድ በጣም ወጥቶ የሚሮጥ ራስ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በእርግጥ በዘር ትልቅ ራስ ያለው ጤነኛ ልጅ አለ፤ ይህን ግን የሚለየው የሐኪም ምርመራ ነው እንጂ የጎረቤት ግምት አይደለም።

ሕፃን ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድባቸው ቀናት ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። በተወለደ በ45ኛው ቀን ገደማ፥ በ2 ወር ተኩል፥ በ3 ወር ተኩል፥ ከዚያም በ9 ወሩ ወላጅ፥ «እባክሽ እኅቴ፥ ራሱንም ለኪልኝ፤ በካርዱም ጻፊልኝ» ብሎ ነርሷን ቢጠይቅ የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። በሐኪም ቤትም እርግብግቢቱ ክፍት በሆነ ሕፃን ላይ የአልትራሳውንድ መሣሪያ በራሱ ላይ ቢደረግ ያለ ሕመምና ያለ መርፌ ጓዳዎቹ መስፋታቸውን ያሳያል።

ስለ እርግማንና ስለ ጸበል

እዚህ ላይ ለክርስቲያን ቤተሰብ በግልጥ መነገር ያለበት ነገር አለ። ራሱ ያደገበት ሕፃን ሲታይ፥ ከፊሉ ሰው «የእናቱ ኃጢአት ነው» ይላል፤ ከፊሉ የአባቱን ዘር ያማል፤ ከፊሉም ቡዳ ወይም ዓይነ ጥላ ነው ይላል። በዚህ ምክንያት ባል ሚስቱን ትቶ የሄደበት፥ እናትም ልጅዋን በጓዳ ደብቃ የኖረችበት ቤት አለ። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን እንደ በደለ በጠየቁት ጊዜ፥ በደሉን በሰውየውም በወላጆቹም ላይ እንዳላኖረ በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ እናነባለን። እርሱ ያልፈረደውን ፍርድ በአንዲት አራስ ላይ የምንፈርድ እኛ ማን ነን?

ሁለተኛው ነገር የጸበል ጉዳይ ነው። ሕፃኑን ወደ ጸበል መውሰድ ከእምነት የሚመጣ መልካም ሥራ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ጉዳቱ የሚመጣው ጸበሉን ከሐኪም ጋር ስናጣላና «ጸበሉን ጨርሰን እንሄዳለን» ስንል ወራት ሲያልፉ ነው። የውሃው ግፊት አይቆምምና፥ በእነዚያ ወራት የተጎዳው የአንጎል ክፍል ኋላ መንገዱ ቢከፈትም ሁሉም ተመልሶ አይድንም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንና መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ራሱ ሐኪም ነበረ። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ሕሙማን የሚታከሙበትን ቤት ማሠራቱ የታወቀ ነው። በእኛም ዘመን በ1999 ዓ. ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። የዚያ ትምህርት ቃል ለዚህ ሕመምም ያገለግላል። ጠዋት ጸበል የተጠመቀ ሕፃን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ቢቀርብ፥ ሃይማኖት የሚጎድልበት ነገር የለም።

በዚህ ረገድ የንስሐ አባቶች ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ትልቅ ነው። ወደ አራስ ቤት ገብቶ ጸሎት የሚያደርስ ካህን፥ ሐኪም ከመድረሱ በፊት ሕፃኑን የሚያይ ሰው ነውና። አንድ ቃል፥ «ልጄ፥ ይህን ሕፃን ነገ ሳይሆን ዛሬ ሐኪም ይየው» የሚል ቃል፥ ከእርሱ አፍ ሲወጣ ከሌላ ሰው ሁሉ ይልቅ ይሰማል።

ሕክምናው እንዴት ተገኘ?

ሕመሙ በጥንት ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነበር፤ መድኃኒት ግን አልነበረውም። በመርፌ ውሃውን መቅዳት ይሞከር ነበር፤ ምንጩ ግን አያቋርጥምና የተቀዳው ወዲያው ይተካ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ባለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ አገር ጆን ሆልተር የተባለ የፋብሪካ ባለሙያ ኬሲ የሚባል ልጅ ተወለደለት፤ ልጁም በጀርባው ክፍተት፥ በራሱም ውሃ ነበረበት። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ውሃውን በቀጭን ቱቦ ወደ ደም ሥር ለማውረድ ይሞክሩ ነበር፤ ቱቦው ግን ይደፈን፥ ደሙም ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። ሆልተር የሕክምና ትምህርት አልነበረውም፤ የተማረው መሣሪያ መሥራትን ነው። ዩጂን ስፒትስ ከተባለው ሐኪም ጋር እየተመካከረ በሲሊኮን የተሠራች፥ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ፥ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የምትከፈት ትንሽ ቫልቭ ሠራ። ይህች ቫልቭ ከ1956 ጀምሮ በሕፃናት ላይ ዋለች። ኬሲ ራሱ በሕፃንነቱ ዐረፈ፤ የአባቱ የእጅ ሥራ ግን የብዙ ሺሕ ሰዎችን ልጆች አተረፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንግሊዛዊው ደራሲ ሮአልድ ዳል፥ ልጁ በኒው ዮርክ ከተማ በመኪና ተገጭቶ ይኸው ችግር ስለ ደረሰበት፥ ከአንድ የውሃ መሣሪያ መሐንዲስና ከአንድ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ጋር ሆኖ ሌላ ቫልቭ አሠርቶ ትርፍ ሳይፈለግበት እንዲሰጥ አድርጓል። እንግዲህ የሕክምናውን መንገድ ከከፈቱት መካከል በልጆቻቸው ፊት ተስፋ ያልቆረጡ አባቶች ይገኛሉ።

ዛሬ የሚሠራበት ሕክምና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሸንት የሚባለው ነው። ቀጭን ቱቦ ከአንጎል ጓዳ ተነሥቶ ከቆዳ በታች በአንገትና በደረት በኩል ወደ ሆድ ይወርዳል፤ የሆድ ሽፋን ውሃውን መጥጦ ወደ ደም ይመልሰዋል። በመካከሉ ያለችው ቫልቭ ግፊቱን ትቆጣጠራለች። ሁለተኛው ቱቦ የሌለበት ነው። ሐኪሙ ብርሃንና ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ወደ ጓዳው ገብቶ በሦስተኛው ጓዳ ወለል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ውሃው የተዘጋውን መንገድ ትቶ በአዲሱ በኩል ይወጣል። ቤንጃሚን ዎርፍ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በኡጋንዳ በምባሌ ከተማ ሲሠራ፥ በዚህ ላይ የውሃውን ምንጭ በከፊል በእሳት መተኮስን ጨምሮ ለትንንሽ ሕፃናት እንዲጠቅም አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሁለቱን ያወዳደረ ምርመራ፥ በ100 የኡጋንዳ ሕፃናት ላይ ተደርጎ፥ ከዓመት በኋላ በአእምሮአቸው እድገት መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘበትም። ይህም ከሐኪም ቤት ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ የምሥራች ነው፤ ቱቦ የሌለው ልጅ ቱቦ ይደፈንበታል ተብሎ አይሠጋለትምና። ለየትኛው ሕፃን የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ግን የሚያክመው ሐኪም ነው።

በእኛ አገርና በእኛ ሰፈር

የአንጎል ቀዶ ሕክምና በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን በጣት በሚቆጠሩ ሐኪሞች እጅ ብቻ ነበር። በ1998 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ ከኖርዌይ ከበርገን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር በመተባበር፥ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በአገራቸው ሆነው ይህን ሙያ የሚማሩበት ትምህርት ተጀመረ። ከዚያ የወጡት ሐኪሞች በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በክልል ከተሞችም ይሠራሉ፤ ስለዚህ ከባሕር ዳር ወይም ከጅማ አካባቢ ያለ ቤተሰብ ሁልጊዜ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጣ ግድ አይሆንበትም።

የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1922 ዓ. ም. ላረፉት ለንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ መታሰቢያ የተሰየመ ነው። ያሠራውና ያስተዳድረው የነበረው የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፥ በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት ተዛወረ። ይህ ሆስፒታል የሕፃናት የአንጎልና የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ከሚሰጥባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ ሆኗል። በዚያ የሠሩ ሐኪሞች ቱቦ በሌለው ዘዴ ስላከሟቸው ልጆች እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ሪችአናዘር የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅትም ይህን ሕክምና በኢትዮጵያ ሲረዳ ቆይቷል፤ የእነዚህ ልጆች ወላጆች ራሳቸው ተሰባስበው የሚረዳዱበት ማኅበርም አለ። አዲስ የመጣችን እናት ከሐኪሙ ቃል ቀጥሎ የሚያጽናናት፥ ልጅዋ ታክሞ የቆመላት የሌላዋ እናት ቃል ነው።

በዚህ ላይ የካዛንቺስን ነገር ማንሣት ይገባል። ካዛንቺስ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት፥ ካዛ ኢንቺስ ከሚባሉት ቤቶች ስሙን ያገኘ ሰፈር ነው። በ2017 ዓ. ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት አሮጌው ሰፈር ሲፈርስ፥ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተዛውረዋል። ትናንት በእግር ወደ ዘውዲቱ ይደርስ የነበረ ቤተሰብ ዛሬ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ሸንት ያለው ልጅ ግን ክትትሉን ሊያቋርጥ አይገባውም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ የልጁን የሕክምና ካርድና ፎቶግራፍ በአንድ ቦርሳ ለይቶ ያስቀምጥ፤ በአዲሱ ሰፈሩ የሚቀርበውን ጤና ጣቢያ ዛሬውኑ ሄዶ ይወቅ፤ በሌሊት አደጋ ቢነሣ መኪና የሚያገኝበትን አስቀድሞ ከጎረቤት ጋር ይምከር። የተበተነው ዕድርና ጽዋ ማኅበርም እንደገና ሲቋቋም፥ ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለታመመ ሕፃን መጓጓዣም ጥቂት ገንዘብ ቢመድብ የተቀደሰ ሥራ ይሆናል።

ልጁ ከታከመ በኋላ

ቀዶ ሕክምናው የሥራው መጨረሻ አይደለም። ሸንት እንደ ማንኛውም ቱቦ ሊደፈን ይችላል፤ በበለጸጉት አገሮች እንኳ ከገቡት ከመቶ 40 ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ተበላሽተው እንደገና ይታያሉ። ስለዚህ ወላጅ ይህን ሲሰማ «ሕክምናው ከሸፈ» ብሎ ተስፋ አይቁረጥ፤ የተደፈነው ይለወጣል። ልጁ ሲያስመልሰው፥ ራሱን አጥብቆ ሲያመው፥ ከልማዱ ውጭ ሲያንቀላፋ፥ ትኩሳት ሲይዘው፥ ወይም ቱቦው ባለፈበት ቆዳ ላይ መቅላትና ማበጥ ሲታይ፥ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያሻል። ተራ የሆድ ሕመም ነው ብሎ ሌሊቱን ማሳደር አደጋ አለው።

ስለ ትምህርትም አንድ ቃል እንጨምር። በጊዜው የታከመ ልጅ ብዙ ጊዜ ይማራል። አንዳንዱ ለማንበብና ለመጻፍ ይዘገያል፤ አንዳንዱ ሥዕልና ቁጥር ያስቸግረዋል፤ በንግግር ግን ጎበዝ የሚሆን አለ። መምህር በፊተኛው ወንበር ቢያስቀምጠው፥ ትእዛዙን አጠር አጠር አድርጎ ቢሰጠው፥ ባልንጀሮቹ ራሱን በቡጢ እንዳይመቱት ቢጠብቀው፥ ልጁ ያተርፋል። የራሱን ትልቅነት ቅጽል ስም አድርጎ መጥራት በትምህርት ቤትም በሰንበት ትምህርት ቤትም ሊከለከል ይገባል። በጀርባው ክፍተት የነበረበት ልጅ እግሩ ባይራመድ እንኳ አእምሮው ሊራመድ ይችላልና፥ ደረጃ ያለው ክፍል ወደ ምድር ቤት ቢዛወርለት ትምህርቱን አያቋርጥም።

በአዋቂዎች ላይ የሚታየው

የዚህ ውሃ ግፊት መዛባት በሕፃናት ብቻ አይወሰንም። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ውሃው ቀስ እያለ ሲጠራቀምባቸው፥ እግራቸው ከወለል ጋር የተጣበቀ ይመስል እየጎተቱ ይሄዳሉ፤ ሽንት ያመልጣቸዋል፤ ይዘነጋሉ። ሳሎሞን ሀኪም የተባለ የኮሎምቢያ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1965 ይህን ሕመም በግልጥ አስረድቷል። እኛ «እርጅና ነው» ብለን የምንተወው አባት በሸንት ሊሻለው የሚችልበት ጊዜ ስላለ፥ ሦስቱ ምልክቶች ሲገጣጠሙ ምርመራ ይደረግለት።

በወጣት ሴቶች ላይም፥ በተለይ ክብደታቸው በጨመረው ላይ፥ ያለ እጢና ያለ መዘጋት ግፊቱ ከፍ የሚልበት ሕመም አለ። የማያቋርጥ የራስ ምታት ከዓይን መደብዘዝ ጋር ሲመጣ ዝም ቢባል ብርሃንን እስከ ማጥፋት ይደርሳልና፥ የዓይን ሐኪም የዓይንን የኋላ ክፍል ሊያይ ይገባል። ግፊቱ ሲያንስም ራስ ያማል፤ በጀርባ መርፌ ደንዝዛ በቀዶ የወለደች እናት ስትቀመጥ የሚያማት፥ ስትተኛ የሚተዋት የራስ ምታት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይድናል፤ ከጸና ግን መድኃኒት አለውና ለሐኪምዋ ትንገር።

ሳይፀነስ በፊት

አሁን ወደ አከርካሪው ክፍተት እንመለስ። የፅንስ የነርቭ ዘንግ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ሴቶች መፀነሳቸውን እንኳ አያውቁም፤ ስለዚህ ከታወቀ በኋላ የሚወሰደው እንክብል ለዚህ ነገር ዘግይቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ አገር የታተመ ታላቅ ምርመራ፥ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ ሴቶች ከመፀነሳቸው በፊት ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ ጉድለቱ እንደገና የሚደርስባቸው ከመቶ 70 ያህል እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ስለዚህ ለመውለድ የምታስብ ሴት ሁሉ ከመፀነስዋ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ጀምራ እስከ 3 ወር እርግዝናዋ ድረስ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም እንድትወስድ ይመከራል። ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ሴት ግን ከዚህ የሚበልጥ መጠን ስለሚያስፈልጋት ሐኪም ይዘዝላት።

ይህ ንጥረ ነገር በጾም ምግባችን ውስጥ በምስር፥ በሽምብራ፥ በባቄላና በጎመን ይገኛል፤ ብዙ ሲበስል ግን ይቀንሳል፤ ምግቡ ብቻውንም ሁልጊዜ አይበቃም። እንክብሉ ጾምን ያፈርሳል ብላ የምትጨነቅ እናት ብትኖር የንስሐ አባትዋን ጠይቃ ልብዋን ታሳርፍ። መንግሥትም በ2014 ዓ. ም. የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ውሳኔ አውጥቷል፤ ፎሊክ አሲድ የሚጨመረው በዱቄቱ ነው። የዓለም የጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2023 አገሮች ሁሉ በዚህ መንገድ እንዲሄዱ ወስኗል። ነገር ግን የብዙው ቤት ምግብ የጤፍ እንጀራ ስለ ሆነ የስንዴው ዱቄት ሁሉንም አይደርስም፤ ከዚህ የተነሣ በየቤቱ በሚገባው በጨው ላይ እንዲጨመር የሚመክሩ ባለሙያዎች አሉ። እስከዚያ ድረስ የጋብቻ ትምህርት የሚሰጡ ካህናትና ሚዜዎች ይህን ትንሽ እንክብል ለሙሽሮች ቢያስታውሱ፥ ከብዙ ስጦታ ይበልጣል።

ለማጠቃለል ያህል

እናቶችና አባቶች ሆይ፤ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ ሕመም እንደ ተነገረ ያህል ነው። የሕፃኑን ራስ ለኩ፤ ቁጥሩን ጻፉ፤ ከልክ ሲያልፍ በዚያው ሳምንት ለሐኪም አሳዩ። ጸልዩ፤ ጸበሉንም ውሰዱ፤ ሐኪሙንም አትተዉ። ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖራት ከመጠየቅ አትቅሩ፤ ስትጠይቁም «ምን በደልሽ» ሳይሆን «መቼ ነው ቀጠሮሽ፥ ማን ይከተልሽ» በሉ። ሸክምዋ የሚቀልላት ያን ጊዜ ነው።

ቅድስት ኢየሉጣ ልጅዋን ይዛ ስትሸሽም ስትቆምም ከእጅዋ አልለቀቀችውም። በሕፃኑ በቅዱስ ቂርቆስ ስም በሚጠራው ክፍለ ከተማና በመላው አገራችን ያሉትን እናቶች እግዚአብሔር በዚያችው ጽናት ያጽናቸው፤ የሐኪሞቹንም እጅ ይባርክ፤ አሜን።